መውደቅን ያስተማሩት ወጌሻ

ስሙኝማ። የዛሬው ወግ የጉልበተኛ ወግ አይደለም። የጉልበተኛን ወግ ማንም ያወራዋል፤ አውሪ ቢጠፋ ባለቤቱ ራሱ ያወራዋል። እኔ የማወጋችሁ ሲጥሉት ውለው ሲጥሉት ስለሚያመሹት አንድ ቀጭን ልጅ ነው። አገሩ ጃፓን፣ ስሙ ጂጎሮ ካኖ። ዛሬ ዓለም ጁዶ ብሎ የሚጠራውን ያበጀ እሱ ነው። ግን ቸኩዬ መጨረሻውን አልንገራችሁ፤ ልጁ ገና አልወደቀም።

ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቁጠሩልኝ። ጂጎሮ በ1860 ሚካጌ በምትባል፣ ለኮቤ ከተማ ቅርብ በሆነች የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። ዘመዶቹ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ጠምቀው የሚነግዱ፣ ቤታቸው የሞላ ሰዎች ነበሩ። እናቱ በልጅነቱ ሞተችበት። አባቱ ቶኪዮ ወሰደውና ኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ በቀለም ትምህርት የሚይዘው አልተገኘም፤ ቁመቱ ግን እምቢ አለው። ጎልምሶ እንኳ 1 ሜትር ከ60 አልደረሰም። አዳሪ ትምህርት ቤት ያደራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክፍል ውስጥ የተበለጠ ጎረምሳ ሒሳቡን የሚያወራርደው ግቢ ውስጥ ነው። ጂጎሮን ይገፉታል፣ ጠልፈው ይጥሉታል፣ ይሥቁበታል። እሱ ደግሞ ትንሽ ይሁን እንጂ ቁጡ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወሬ ጆሮው ገባ፦ ደካማው ብርቱውን የሚጥልበት፣ ጁጁትሱ የሚባል የጥንት ጥበብ አለ። አባቱ ቤት ከሚመጡት እንግዶች ጥበቡን ድሮ የተማሩትን አስተምሩኝ ብሎ ለመናቸው። ጊዜው አልፎበታል፣ ምን ያደርግልሃል አሉት።

እውነትም ጊዜው አልፎ ነበር። በ1868 ሾጉን የሚባለው የጦር ገዥ አገዛዝ አበቃ፤ በ1876 ደግሞ ሳሙራይ የሚባለው የጥንቱ ተዋጊ ሰይፉን ታጥቆ አደባባይ እንዳይወጣ በአዋጅ ተከለከለ። አገሩ ባቡርና ፋብሪካ፣ መድፍና መርከብ ሲል የጁጁትሱ መምህር ተማሪ አጣ። ታዲያ ምን ይብላ? ብዙዎቹ ወጌሻ ሆኑ! ክንድ እንዴት እንደሚወልቅ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚመለስም ያውቃላ። ትናንት መገጣጠሚያ ሲያጣምም የነበረ እጅ ዛሬ ወለምታ እያሸ ኑሮውን ይገፋ ጀመር።

ጂጎሮ በ1877 ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያን ጊዜ አንድ ዘዴ መጣለት። የቶኪዮን ወጌሾች ደጃፍ እየዞረ ያንኳኳ ጀመር። ወጌሻ ቤት ሰው የሚሄደው ተሰብሮ ወይም ወልቆበት ነው። ይህ ልጅ ግን ደህና ክንድና ደህና እግር ይዞ ይመጣና ጁጁትሱ ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዱ ወደ ሌላው ሲጠቁመው፣ በመጨረሻ ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከሚባሉ መምህር ዘንድ ደረሰ። ፉኩዳም ያው ወጌሻ ናቸው። ቤታቸው 10 ታታሚ የሚያስነጥፍ ክፍል አለ። ታታሚ ማለት ከሣር የሚሠራ ጠንካራ ምንጣፍ ነው፤ አንዱ ለአንድ ሰው መኝታ ይበቃል። እንግዲህ አስቡት፤ 10 ሰው ቢተኛበት የሚሞላ ክፍል፣ ዘወትር የሚመጡት ተማሪዎችም በጣት የሚቆጠሩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስሙልኝ። ፉኩዳ ጣሉት። ጂጎሮ የተማረ ልጅ ነውና ተነሥቶ ጠየቀ፤ እጄ የት ይሁን፣ እግሬስ? ና ብለው ደግመው ጣሉት። ተነሣና ጥያቄውን ቀጠለ። ሦስተኛም ጣሉት። እንዲህ ያለው ነገር በማብራሪያ እንደማይገባና ገላው ደጋግሞ ሲቀምሰው ብቻ እንደሚታወቅ የነገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ማታ ማታ ልጁ ሰንበሩን ሁሉ ቅባት ይቀባል፤ ጓደኞቹ ሳያዩት በቅባቱ ሽታ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ወጉን ገታ ላድርገው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ሰው ሲወድቅ ምን ያደርጋል? እጁን ወደ መሬት ይሰዳል። ማንም አላስተማረውም፤ ፍርሃት ነው የሚዘረጋው። የመላ አካላቱ ክብደት በአንዲት የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል፣ አንጓዋም ትሰበራለች። እሷ ብትችለው ክርኑ፣ ክርኑ ቢችለው ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ይሄዳል። ወጌሻ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ እንጀራው ነዋ።

ስለዚህ የዚህ ጥበብ ፊደል ሀ ሁ አወዳደቅ ነው፤ ጃፓኖች ኡኬሚ ይሉታል። አገጭ ወደ ደረት ይሸጎጣል፤ ጭንቅላት ምንጣፉን እንዳይመታ። ጀርባ እንደ ጎማ ይጎብጣል። ጀርባው ምንጣፉን በሚነካበት ቅጽበት ክንድ ከትከሻ እስከ መዳፍ ተዘርግቶ ምንጣፉን ጧ! ያደርጋል። ክንዱ እንደ ስቅለት ወደ ግራና ቀኝ አይዘረጋም፤ ወደ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ከገላ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። ትንፋሽም አብሮ ይወጣል። በአንዲት አንጓ ላይ ይወርድ የነበረው ኃይል በክንድና በጀርባ ተከፋፍሎ ያልቃል። ትምህርቱ በጀርባ ተኝቶ ይጀመራል፤ ተኝቶ የሚወድቅ የለምና የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከዚያ ቁጢጥ ተብሎ፣ ከዚያ ተቆሞ፣ ከዚያም ወደ ፊት በትከሻ ተንከባልሎ። ዛሬም አዲስ ተማሪ ጁዶ ቤት ገብቶ መጣል ልማር ሲል ሳምንታት ሙሉ ሲወድቅ ይከርማል። 

ግን ይህ የገላ ትምህርት ብቻ ነው ወይ? መውደቅ የሚፈራን ሰው ተመልከቱት። ክንዱን እንደ እንጨት ያደርቃል፣ ከወገቡ ይጎነበሳል፣ ዓይኑን እግሩ ላይ ይተክላል፣ ትንፋሹን ያፍናል። እንዲህ የደረቀን ሰው መጣል ግንድ ከመግፋት አይከብድም። ስለ ፈራ ይወድቃል፣ ስለ ወደቀ ደግሞ ይፈራል። ሺህ ጊዜ ወድቆ የተነሣ ግን ክንዱ ይላላል፣ ቀና ይላል፣ ይተነፍሳል፤ የባላጋራውን እንቅስቃሴ ለማየት ልቡ ጊዜ ያገኛል። ልቡን ያረጋጋለት ጀርባው ነው። ጂጎሮም በኋላ ዘመን ስለ ራሱ ሲያወራ፣ ያ ቁጡነቱ የበረደለት በዚህ ልምምድ መሆኑን ተናግሯል።

እኛ አገር «ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ይባላል። ደህና ተረት ነው፤ ምክሩ ግን ለወደቀ ሰው ነው። የወጌሻው ምክር ከዚያ ይቀድማል፦ አንድ ቀን መውደቅህ አይቀርምና፣ ዛሬ በደህናው ቀን ተለማመደው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ፉኩዳ ቤት ፉኩሺማ የሚባል ከባድ ሰው ነበር። ጂጎሮ ይሞክረዋል፣ ይወድቃል፤ ሌላ ቀን ይሞክረዋል፣ ይወድቃል። ሌላ ቢሆን ወይ ይተወው ወይ ክብደት ያነሣ ነበር። ጂጎሮ ግን ቤተ መጻሕፍት ሄደ! የአገሩን የሱሞ ትግል መረመረ፣ አልሆነለትም። የምዕራባውያንን ትግል የሚያሳይ መጽሐፍ ገለጠና አንድ ነገር አገኘ፤ ከባላጋራ ሥር ዝቅ ብሎ ገብቶ እንደ ጆንያ በትከሻ ማንሣት። ከጓደኞቹ ጋር ሲለማመደው ሰነበተና አንድ ቀን ፉኩሺማ ሳያስበው ሥሩ ገባበት። ያ ከባድ ሰው በትከሻው ላይ ዞሮ ምንጣፉ ላይ ተዘረረ። ይህ አጣጣል ዛሬ በጁዶ ውስጥ ካታ ጉሩማ ተብሎ ይኖራል፤ የትከሻ መሽከርከሪያ እንደ ማለት ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። በ1879 ፉኩዳ አረፉ። የጥበቡ የጽሑፍ ጥቅልሎች ለጂጎሮ ተሰጡት። ወደ ሁለተኛ መምህር ሄደ፤ እሳቸውም በ1881 ሞቱ። ሦስተኛው ኢኩቦ ትሱኔቶሺ የሚባሉ፣ ኪቶ ሪዩ የተባለው የሌላ ትምህርት ቤት ሊቅ ናቸው።

በ1882፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ጂጎሮ በቶኪዮ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ታታሚ የሚያስነጥፍ ክፍል አገኘና 9 ተማሪዎች ሰብስቦ የራሱን ቤት ከፈተ። ስሙን ኮዶካን አለው፤ መንገዱ የሚጠናበት ቤት። ትምህርቱን ጁጁትሱ ማለት ትቶ ጁዶ አለው። ጁትሱ ጥበብ ነው፣ ዶ መንገድ ነው፤ ጁ ደግሞ ልስላሴ፣ እሺ ባይነት። ቤተ መቅደሱ ግን ለዚህ አልተሠራም! በየማታው ሰው ጧ! ጧ! እያለ ሲወድቅበት ወለሉ ይናጋል፣ በመሠዊያው ላይ የቆሙ የሙታን መታሰቢያዎች ይወድቃሉ፣ መነኩሴው ያማርራሉ። ጂጎሮ ቀን አስተምሮ፣ ማታ ተማሪዎቹን አሠልጥኖ፣ ሌሊት መብራት ይዞ ከወለሉ ሥር እየዳኸ የተሰበረውን ሳንቃ ይጠግናል።

እንግዲህ መውደቅን ካወቀ፣ መጣልን በምን አገኘው? ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ከመምህሩ ከኢኩቦ ጋር ሁልጊዜ ይታገላሉ። ኢኩቦ ዕድሜያቸው ወደ 50 ቢደርስም እሱ ሲወድቅ እንጂ ሲጥል አይታይም። በ1885 ግድም አንድ ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጂጎሮ መምህሩን ጣለ። ደግሞ ጣለ። እሳቸው የሚሞክሩት ሁሉ አልያዘላቸውም። ኢኩቦ ቆመው ዛሬ ምን ሆነሃል ዓይነት ጥያቄ ጠየቁት። እሱም ሰው ሚዛኑ ላይ ቆሞ ሳለ ለመጣል መሞከር ከንቱ መሆኑን ደርሶበታል፤ መጀመሪያ ማናጋት፣ ከዚያ መግባት፣ ከዚያ መጣል። ማናጋቱን ኩዙሺ ይለዋል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ማዕዘን፣ በስምንት አቅጣጫ።

ኋላ ለተማሪዎቹ ነገሩን በቁጥር ያስረዳ ነበር። እኔም በራሴ አፍ ላውራላችሁ። የባላጋራዬ ጉልበት 10 ነው እንበል፣ የኔ 7። ሲገፋኝ ብገፋው እወድቃለሁ፤ 7 ከ10 ጋር ተጋፍቶ አያሸንፍማ። ሲገፋኝ በገፋኝ ልክ ብሸሽለት ግን ያሰበው ግድግዳ ይጠፋበትና ወደ ፊት ይንገዳገዳል። የተንገዳገደ ሰው ጉልበቱ 10 መሆኑ ይቀርና 3 ይሆናል። የኔ 7 ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግማሹም ይበቃኛል። እሺ ማለት መሸነፍ አይደለም ማለቱ ነው።

ወሬው ሲወራ ቀላል ነው። ሲገፉት መሸሽን የሚችለው ግን መውደቅ የማይፈራ ሰው ብቻ ነው። የሚፈራ ሰው ሲገፉት ይደርቃል፤ ሲደርቅም 7ቱን ይዞ ከ10 ጋር ይጋፋል። አያችሁት? የመጀመሪያው ቀን አወዳደቅ ስምንት ዓመት ቆይቶ ሊቁን ጣላቸው።

ኢኩቦ ከዚህ በኋላ የማስተምርህ የለኝም አሉት። እንግዲህ መምህሩ ራሳቸው እኩያ ያደረጉትን ሰው እኔ አንተ እያልኩ ልዘልቅ አልችልም። ከዚህ ወዲያ አንቱ እላቸዋለሁ።

ካኖ ታዲያ ተማሪዎቻቸውን ምን አስተማሩ? ቀና ብሎ መቆም፤ ራስ ከዳሌ በላይ፣ ጉልበት ላላ ብሎ። እርምጃ እግርን ሳያነሡ፣ ምንጣፉን እየዳሰሱ። አንድን አገባብ ሳይጥሉ መቶ ጊዜ መግባት። አደገኛ የሆኑትን ምቶችና ስብራቶች ከነጻው ትግል አወጡና በካታ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በታወቀ ልምምድ፣ ውስጥ አስቀመጧቸው። ምክንያቱ ገራምነት ብቻ አልነበረም። እሰብረዋለሁ ብሎ የሚሰጋ ተማሪ ግማሽ ልቡን ይዞ ነው የሚታገለው፤ አደጋው ሲወጣለት ግን በሙሉ ኃይሉ፣ በየቀኑ፣ ከእውነተኛ ባላጋራ ጋር ይለማመዳል። ለተማሪ ደረጃ ሰጡ። ጥቁር ቀበቶ የሚታሰርበት ሾዳን የሚባለው ማዕረግ የቃል ትርጉሙ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ጥቁር ቀበቶ ጨርሻለሁ ማለት ለሚመስላቸው ይህን ንገሩልኝ።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ትንሽ ነገር አለች። የጁዶ ሰው ባላጋራውን ሲይዝ አንድ እጁ ኮሌታ፣ አንድ እጁ እጅጌ ይይዛል። ከጣለው በኋላ ኮሌታውን ሊለቅ ይችላል፤ እጅጌውን ግን አይለቅም። ወደ ላይ ሳብ ያደርግለታል፤ የሚወድቀው ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት እንዲተርፍ፣ በጎኑ ዞሮ እንዲያርፍ። ወዳቂው አወዳደቅ ይማራል፣ ጣዩ ደግሞ እጅጌ መያዝ ይማራል፤ አንዱ ሀሳቡን ከሳተ ሌላው ይሰበራል። ካኖ ትምህርታቸውን ሲያጠቃልሉ ሁለት ነገር ይሉ ነበር፦ ጉልበትን በሚጠቅምበት ማዋል፣ እኔም አንተም አብረን መልማት። ሁለተኛዋ በዚያች እጅጌ ላይ አለች።

ለዚህ ምስክር ልጥራ። ካኖ በ1889 ወደ አውሮፓ ሄደው ኖረው በመርከብ ሲመለሱ፣ አንድ ግዙፍ ሩሲያዊ ጉልበቱን ሲያሳይ ከእሳቸው ጋር ተያያዘ። ተሳፋሪው ከቧቸው ይመለከታል። ካኖ ዝቅ አሉ፣ ገቡ፣ ሰውየው በአየር ተገለበጠ። ጭንቅላቱ ቁልቁል ወደ መርከቡ ወለል ሲሄድ ግን በእጃቸው ደግፈው አዞሩት፤ በእግሩ ቆመ። ያን ትንሽ ሰው ያደነቀው ተሳፋሪ ይበልጥ የገረመው ማዳኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ካኖ የትልልቅ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆኑ፤ በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆኑ። በ1938 ካይሮ ላይ ከተደረገ የኮሚቴው ስብሰባ ሲመለሱ፣ ሂካዋ ማሩ በምትባል መርከብ ላይ ታመው በ77 ዓመታቸው ባሕር ላይ አረፉ።

ወጉ ግን እዚህ አያልቅም፤ የወጌሻው ዕዳ አልተከፈለማ። ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ በ1913 የተወለደች የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፤ ኬይኮ ትባላለች። ካኖ የመምህራቸውን ዘር ፈልገው፣ ኮዶካን ለሴቶች በከፈተው ክፍል ገብታ እንድትማር ራሳቸው ጋበዟት። በ1935 ጀመረች። ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ50 አይበልጥም፤ ከካኖም ታንሳለች። አያቷ ካኖን ጥለው አስተማሩ፣ ካኖም በተራቸው የልጅ ልጃቸውን አስተማሩ።

ኬይኮ ፉኩዳ ዕድሜዋን ሁሉ ለጁዶ ሰጠች፤ ባል እንኳ አላገባችም። ሴት ከ5ኛ ዳን፣ ማለትም ከ5ኛ ደረጃ፣ በላይ አትወጣም በሚል ልማድ ከ1953 እስከ 1972 ባለችበት ቆመች። እሷ ግን ማስተማሯን አላቋረጠችም። ኋላ ኑሮዋን ሳን ፍራንሲስኮ አድርጋ እዚያም አስተማረች። በ2011 የአሜሪካ ጁዶ ማኅበር ከማዕረጎች ሁሉ የላይኛውን፣ 10ኛ ዳንን ሰጣት፤ ዕድሜዋ 98 ነበር። በ2013 በ99 ዓመቷ አረፈች።

ከመለያየታችን በፊት ግን ወደ 1964 ልመልሳችሁ። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው ያኔ፣ በቶኪዮ ነው። የክብደት ገደብ በሌለው የመጨረሻ ግጥሚያ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ፣ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ሰው፣ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን ከምንጣፉ ጋር አጣብቆ ያዘው። ጊዜው ሞላ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። የአገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ፣ ሄሲንክ ገና ከካሚናጋ ላይ ሳይነሣ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ከዚያ ተነሥቶ ለባላጋራው እጅ ነሣ። ጃፓን በገዛ ጥበቧ ተሸነፈች፤ ያን እጅ ግን እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ለእኔ ያ እጅ እጅጌ የማይለቀው እጅ ነው።

በዚያው ኦሎምፒክ ላይ ኬይኮ ፉኩዳ ከባልደረባዋ ጋር ካኖ ያበጁትን ጁ ኖ ካታን አሳየች። ልስላሴን የሚያሳይ ካታ ነው። አንዷ በዝግታ ትሰነዝራለች፣ ሌላዋ እሺ ብላ ትቀበላለች፣ ትዞራለች፣ ሥሯ ትገባለች፣ በጀርባዋ ታነሣታለች። የተነሣችው እግሮቿ አየር ላይ፣ ሚዛኗ በሌላዋ እጅ ነው፤ መውደቅ የቀራት አንዲት ትንፋሽ ነው። እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ አንሺዋ ቀስ ብላ፣ ሳትለቃት፣ ወደ ምንጣፉ ትመልሳታለች። በዚህ ካታ ውስጥ ማንም አይወድቅም።

ወጌሻው በ10 ታታሚ ክፍላቸው ያን ቀጭን ልጅ ሲጥሉት ያመሹ ነበር። የልጅ ልጃቸው ምንጣፍ ላይ ግን ያን ቀን ጧ የሚል ድምፅ አልተሰማም።